ሞተሩ አልሞተም፤ ጠጋኙ እንዳይሞትብን

ጎበዝ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። «ወሬ አለቀባችሁ እንዴ?» የምትሉን ካላችሁ መብታችሁ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡንና ከዚያ ፍረዱ። ነገሩ ላይ ላዩን የዘይትና የቆርቆሮ ይመስላል። ውስጡ ግን ስለ ሥራ፣ ስለ መንግሥት ንብረትና ሳይወረስ ሊቀር ስለ ደረሰ እውቀት ነው።

መነሻችን ሶፊ ናት። ለማታውቋት፣ ሶፊ ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ኤረርና ድሬ ጥያራ ናቸው። ቱሪስቱ ጀጎልን ዞሮ፣ ጅብ ሲበላ አይቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ ይመለሳል። ከግንቡ ውጪ ማሽላ የሚዘራውን፣ ጫት የሚቀጥፈውን፣ ለውዝ የሚለቅመውን ገበሬ ብዙም አያየውም። ወደዚያ ገበሬ ለመድረስ ደግሞ አስፋልት ብቻ አይበቃም፤ ኮረኮንች አለ፣ አሸዋማ ወንዝ አለ፣ ቁልቁለት አለ። ለዚህ ነው የግብርና ባለሙያውም፣ ክትባት ይዞ የሚወርደው የጤና ሠራተኛም፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩም ለዓመታት በሞተር ሲመላለሱ የኖሩት።

ከተሜው አንባቢያችን ሞተር ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ሌላ ነገር መሆኑን እናውቃለን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስትጥል ዋናው ምክንያት ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተር በብዙዎቻችን ዓይን የቦርሳ ነጣቂ መገልገያ ሆኖ ቀረ። ገጠር ስትወርዱ ግን ያው ሞተር ሐኪም ነው፣ መምህር ነው፣ የዘር ምክር ነው። ሲበላሽ የሚቀረውም ይኸው ነው።

ያ ሞተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያማሃ ነበር። ኤጂ 100 እና ዲቲ 125። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበውም ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነበር። ሰንሰለቱ አቧራ እንዳይበላው በሽፋን የታሸገ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ለፍጥነት ሳይሆን ለትዕግሥት የተሠራ ሞተር ነው። ዲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረ የዳገትና የኮረኮንች ዘር ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ናቸው።

እነዚህ ሞተሮች ዛሬ የት ናቸው? አንዳንዶቹ አሁንም ይሠራሉ። ብዙዎቹ ግን ከመሥሪያ ቤት ጀርባ ናቸው። ሶፊ ውስጥ ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከቁልቋል አጥር ሥር ሦስት ቆመው አይተናል። የአንዱ ሰልባትዮ ክዳን ጠፍቶ ዝናብ ጠጥቷል። የሌላው ካርቡራተር ተነቅሎ ሄዷል። የሦስተኛው ወንበር ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች፤ ቢያንስ አንዱ ምርት እየሰጠ ነው ማለት ነው! «ለምን አይጠገኑም?» ብለን ስንጠይቅ «የማስወገድ ኮሚቴ ተቋቁሟል» ተባልን። መቼ እንደተቋቋመ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ሳቅ ነው።

ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉድ ቢሆን ባልጻፍን። እስቲ እናንተም በየከተማችሁ ያለውን የመንግሥት ግቢ ጓሮ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ሞተሩ ፊት ለፊት ገብቶ፣ ሠርቶ፣ ትንሽ ታሞ፣ «ነገ ይታያል» ተብሎ ጓሮ ይገፋል። ከዚያ ነገ አይመጣም። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ያልፋል። በአንድ ቀን ሥራ ይድን የነበረው ሞተር ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። ባለሙያው ደግሞ በእግሩ ይሄዳል።

ሁለት ምት ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ትምህርት እንፍቀድ፤ ያለሱ ቀሪው ነገር አይገባንም።

ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ጊዜ እሳት ለማግኘት ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ መውረድ አለበት፤ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ይፈነዳል፣ ይተፋል። ባለ ሁለት ምቱ ይህን ሁሉ በአንድ መውጣትና በአንድ መውረድ ይጨርሳል። እንደ ባለ አራት ምቱ ያለ ቫልቭ የለውም። በሮቹ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀደዱ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ራሱ ይከፍታቸዋል፣ ራሱ ይዘጋቸዋል። ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍልም የዘይት ማጠራቀሚያ አይደለም፤ ቤንዚንና አየር ስቦ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ የምናውቀው ሰማያዊ ጭስ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ ይህን በፓምፕ ክፍሉ የሚተነፍስ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1891 ካቀረበ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ የርካሽ ሞተር መገለጫ ሆኖ ቆየ። ፈጣን ያደረገው ምሥራቅ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልተር ካደን ነው። ካደን የጭስ ማውጫውን ቅርጽ በማስተካከል፣ በውስጡ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እንዲገፋው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1961 የእሱ ተወዳዳሪ የነበረው ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ለውድድር ሄዶ በዚያው ኮበለለ፤ እውቀቱንም ይዞ ወደ ሱዙኪ ገባ። በዓመቱ፣ በ1962፣ ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ጋላቢው ራሱ ዴግነር ነበር። የጃፓን ትንንሽ ሞተሮች ዓለምን ያጥለቀለቁት ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህን የምንነግራችሁ ለወግ ብቻ አይደለም። ማርሚታውን ቆርጦ ከተማውን በድምፅ የሚያናውጥ ወጣት ኃይል የጨመረ ይመስለዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ግማሽ ሳንባ ነው። የጨመረው ጩኸት ነው፤ ያጣው ጉልበቱን።

ሐረር ማዳን ታውቃለች

ስለ ጥገና ለመናገር ከሐረር የተሻለ ከተማ ከየት ይመጣል? ፔዦ 404ን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1960 ተዋወቀች፤ ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ፈረንሳይ ውስጥ የአውቶሞቢሏ ምርት በ1975 ቆመ። ሐረር ግን አልሰማችም! ፋብሪካው ከረሳት በኋላ ለአሥርት ዓመታት ፔዦ የሐረር ታክሲ ሆና ኖራለች። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላዋ ተነቅሎ፣ ቶርኖ ቤት ተጠርቦ፣ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ። ይህን ያደረገው የሙዚየም ባጀት አይደለም፤ የመካኒክ እጅ ነው።

ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ የረገጠ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው። ካንዴላም፣ ፍሪሲዮንም፣ ማርሚታም፣ ኩሽኔታም፣ ጎሚስታም እንዲሁ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ልብ በሉ፤ እነዚህን ቃላት ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረም። ከጌታው ወደ ተላላኪው ልጅ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጡት። የሙያው ብርታት ይህ ነው፤ ድክመቱም ይኸው ነው። በመጽሐፍ ያልሰፈረ እውቀት ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል።

ሐረር ይህን ሁኔታ በሌላ መስክ አይታዋለች። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የጥንት የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና የሙዚቃ ቅጂዎችን እየሰበሰቡ፣ የተቦጫጨቁትን መጻሕፍት እየጠገኑ፣ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሙዚየም አቋቁመዋል። ሌላው «አሮጌ ወረቀት» ያለውን እሳቸው ቅርስ አሉት። ሞተርን ከቁርዓን ጋር እያወዳደርን አይደለም፤ አስተግፊሩላህ! የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ዋጋውን አውቆ ካልሰበሰበው ሁሉም ነገር ቆሻሻ ነው።

የቆመ ሞተር ሕክምና

የቆመ ሞተር እየገፋ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጋሼ፣ ይነሣል?» ነው። የሐረር መካኒክ መልስ ደግሞ «አቦ፣ ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትተህ አሳየኝ» ነው።

ልክ ነው። ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ እሳት፣ ቤንዚንና ጥሩ ጭመቃ። ካንዴላው ስለ ሦስቱም ይመሰክራል። ቀለሙ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ በቡና አገር ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል፤ አለዚያም እሳቱ ደካማ ነው። ነጭና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ የሚያስፈራው ይህኛው ነው። ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዘይትም አብሮ ይጎድልበታል፤ በመጨረሻ ፒስተኑ ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ዓመታት የቆመ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካርቡራተሩ ነው። ያደረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ ይተዋል፤ ሙጫውም ከፀጉር ብዙም የማይወፍረውን ቀዳዳ ይደፍናል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሠሩት ጥፋት አለ፤ ሽቦ ይከቱበታል። ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሞተር ልኩን አያገኝም። በቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ነው። የዛገ ሰልባትዮም ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ጠጠር ወይም ሰንሰለት ከአቼቶ ጋር ከትቶ ደጋግሞ መነቅነቅ፣ አጥቦ ቶሎ ማድረቅ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዓይን የማያየው ነው። የታችኛው ክፍል ፓምፕ ነው ብለናል። የዋናውን ዘንግ ግራና ቀኝ የሚያሽጉት የጎማ ማኅተሞች ሞተሩ ሲቆም ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ፓምፑ ያን ጊዜ ያልተፈለገ አየር ይስባል። ምልክቱ ይታወቃል፤ ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ በራሱ ይጮሃል፣ አልወርድም ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ካርቡራተሩን አሥር ጊዜ ሲፈታ ይውላል። ማኅተሙ እፍኝ የማይሞላ ዕቃ ነው፤ ሳይቀየር ቢነዳ ግን የሚበላው ፒስተን ነው።

ሦስተኛው ጥቀርሻ ነው። የተቃጠለው ዘይት የጭስ መውጫውን ቀዳዳና ማርሚታውን ቀስ በቀስ ይደፍናል። ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ዳገት እምቢ ይላል። «አርጅቷል» ይባላል። አላረጀም፤ አፍንጫው ተደፍኗል። ተፈትቶ ሲፋቅ ጉልበቱ ይመለሳል።

አራተኛው ዘይቱ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ዘይቱን በራሱ ፓምፕ እየለካ የሚያስገባ ዘዴ አምጥቷል፤ ኤጂ 100 ይህ አለው። ፓምፑ ሲበላሽ ግን ብዙዎቹ ነቅለው ይጥሉትና ዘይቱን በቤንዚኑ ላይ በዓይን ግምት ያፈሳሉ። «ብዙ ዘይት መቼም አይጎዳም» የሚል አባባል አለ። ይጎዳል! የዘይቱ ድርሻ ሲበዛ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩን ለማዳን የጨመራችሁት ዘይት መልሶ ያሞቀዋል። ልኩ በየሞተሩ መጽሐፍ አለ፤ ለድሮዎቹ 20 ለ1፣ ለኋለኞቹ እስከ 50 ለ1 ይደርሳል። ትንሽ መለኪያ ኩባያ ስንት ፒስተን ባዳነ ነበር።

አምስተኛውን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ሐረር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈናል። የሐረር አየር ለምዶ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ኤረር ሸለቆ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ከሶፊ ወደ ቆላው የሚወርድ ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግቶ በማርሽ ብቻ ከለቀቀው፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ስለሚያንስ ሞተሩን ሊገድለው ይችላል። ይህን የሚነግረው መጽሐፍ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም አላገኘንም። የነገሩን ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሱ ሰዎች ናቸው።

«ግን እኮ ያጨሳል!»

እሺ፣ ተቃውሞውን እንስማ። ባለ ሁለት ምት ሞተር አየር ይበክላል። እውነት ነው። ከሚገባው ቤንዚን ቀላል የማይባለው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ዘይቱም ተጨምሮበት። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግሮችን ከዳካ ያስወጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሞተሮች በአንድ ጠባብ ከተማ ሲያጨሱ መከልከሉ ተገቢ ነው። ጀጎል ውስጥም ሞተር በሞተር ይሁን አንልም፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ ውስጥ ሰው ንጹሕ አየር ይገባዋል። ሶፊ ሜዳ ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚወጣ አንድ የክትባት ሞተር ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ደግሞም አብዛኛው መጥፎ ጭስ የመጥፎ ጥገና ልጅ ነው፤ በልክ የተቀላቀለ ዘይትና ጤነኛ ማኅተም ያለው ሞተር ጭሱ በግማሽ ዓይን የሚታይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር መብራት ባለበት ቀበሌ ቢገባ ደስታውን አንችለውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ያማሃውን መጠገን ያልቻለ ሥርዓት የኤሌክትሪኩን እንዴት ይጠግናል? የኤሌክትሪኩ ባትሪ ሲደክም ወዴት ሊገፋ ነው? ወደዚያው ጓሮ! ኮሚቴውም ያው ኮሚቴ ነው። ችግራችን የሞተሩ ዓይነት አይደለም፤ የተበላሸን ነገር የምናይበት ዓይን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የቆመ የመንግሥት ሞተር የጊዜ ገደብ ይኑረው። ስድስት ወር ያልተንቀሳቀሰ ሞተር ወይ ይጠገን፣ ወይ ለመለዋወጫ ይፈታ፣ ወይ በጨረታ ይሸጥ። ዝገት ጨረታ አይጠብቅም። ዛሬ በደህና ዋጋ የሚሸጠው ከሁለት ክረምት በኋላ በኪሎ ነው የሚመዘነው። ገንዘቡ የእኛው ግብር ነው።

ሁለተኛ፣ የማይፈለጉት ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይሰጡ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለማስተማር የተፈጠረ ይመስላል፤ ክፍሉ ጥቂት ነው፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ በአንድ ሳምንት ይገጠማል፣ ስህተቱን ወዲያው ይናገራል። ከሰሌዳ ላይ «ሞተር» ገልብጦ የተመረቀ ልጅና አንዱን የሞተ ያማሃ በእጁ ያስነሣ ልጅ እኩል አይቀጠሩም። የቡድን ብድር ከመስጠት በፊት አምስት የቆሙ ሞተሮች ስጧቸውና እዩ። እዚህ ላይ ሴቶቹን አትርሱ፤ ካንዴላ ለመፍታት ጢም አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የእኛ የጽሑፍ ሰዎች ሥራ ነው። የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዘን የታዋቂ ሰዎችን ሠርግ ስንዘግብ፣ አርባ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው እውቀቱን ይዞ ወደ መቃብር እየወረደ ነው። ስልካችን ላይ ካሜራ አለ። ያ ሰው ማኅተም ሲቀይር፣ እሳቱን ሲያስተካክል፣ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ሲናገር መቅረጽ ምን ያስከፍላል? በሚናገርበት ቋንቋ፣ በጣሊያንኛ የተቀመመውን የጋራዥ ቃል ሳናርም፣ እንደወረደ። ይህን መንግሥት እስኪያደርገው አንጠብቅም።

አራተኛ፣ ለባለ ጋራዦቹ አንድ ነገር። ልጅ ስትቀጥሩ ዘይት እንዲያመጣና ብሎን እንዲያጥብ ብቻ አይሁን። ለምን እንደሚፈታ ንገሩት። ሙያ ሲካፈሉት አይጎድልም። ምስጢሩን ደብቆ የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ የሚጠግንለት አያገኝም።

የምንናፍቀው የድሮ ዘመን የለም፤ ያማሃ ሲነዳ የነበረው ባለሙያም ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም ነበር። የምንለው ቀላል ነው። ይህች አገር አዲስ ነገር ለመግዛት የሚያስችል ዶላር የላትም፤ ያላትን ለመጠገን የሚያስችል እጅ ግን አላት። እጁ ካረጀና ተተኪ ካጣ ሁለቱንም አጣን ማለት ነው።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ጓሮ የቆመ ሞተር ካለ አንድ ነገር አድርጉልን፤ ነገ ጠዋት አለቃችሁን «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳቅ ከመለሰላችሁ፣ ቁጥሩንና የቆመበትን ዓመት ጽፋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። እስቲ ኮሚቴው ያን ጊዜ ይስቅ እንደሆነ እናያለን።

ቸር ይግጠመን!